የፍሬን ሸራ ምርመራና ምርጫ፤ በጎንደርና በሰሜን ደጋ መንገዶች

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና ወለቃን አልፎ ወደ ኮሶዬ ሲወጣ፣ ከዚያም በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ እስኪደርስ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ጕዞ ሞተሩ ሲያቃስት ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማዋል፤ መኪና የሚገዛ ሰውም አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጕልበት ነው። ነገር ግን አቀበት ላይ የደከመ ሞተር ቢከፋ ተሳፋሪውን በመንገድ ያሳድረዋል እንጂ ገደል አይከተውም። የወጣ መኪና መውረዱ አይቀርም፤ በሚወርድበትም ጊዜ የተሳፋሪው ነፍስ የምትንጠለጠለው ከእጅ መዳፍ በምታንስ፣ ውፍረቷም ከአንድ ጣት በማይበልጥ ቁራጭ ላይ ነው። ይህችም ቁራጭ ባለጋራዦች የፍሬን ሸራ የሚሏት ናት።

ስለዚህች ቁራጭ ለመጻፍ ያነሣሣን፣ ብዙዎቻችን ተማሪዎች ለበዓልና ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቦቻችን የምንሄደው በሚኒባስና በአውቶቡስ ስለ ሆነ፣ አንዳንዶቻችንም ትምህርታችንን ጨርሰን በየወረዳው ስንመደብ የመሥሪያ ቤት መኪና በኃላፊነታችን ሥር ስለሚሆን፣ ነገሩ ለመካኒኮች ብቻ የሚተው አይደለም ብለን ነው። ደግሞም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ ሊከተለው የሚችል ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ታሪኩ ጥቂት እንበል። በ1888 እ.ኤ.አ. ቤርታ ቤንዝ የባልዋን የካርል ቤንዝን መኪና ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም በተጓዘች ጊዜ፣ የእንጨቱ ፍሬን በቁልቁለቱ ላይ እየተበላ ስላስቸገራት፣ በመንገድ ያገኘችውን ጫማ ሠሪ ቆዳ እንዲለብጥበት አደረገች። የመጀመሪያው የፍሬን ሸራ ይኸው ነው ይባላል። በእንግሊዝ አገርም ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሰው በ1897 እ.ኤ.አ. የተሻለ የፍሬን ልባስ ለመሥራት ሙከራውን ጀመረ፤ ያቋቋመው ኩባንያ ስም የሆነው ፌሮዶ የገዛ ስሙን ፊደላት በማዘዋወርና አንዲት ፊደል በመጨመር የተገኘ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ልባሱ ይሠራ የነበረው አስቤስቶስ ከሚባለው ሙቀት ቻይ ጭረት ነው። ጭረቱ እንደ ጨርቅ ይሸመን ስለ ነበር ሸራ የሚለው ስማችን ከነገሩ ጋር መልካም አድርጎ ይስማማል። የሁለቱም ሰዎች ታሪክ የተያያዘው ከተራራማ አገር ጋር መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሜዳ አገር ላይ የሚኖር ሰው ስለ ፍሬን ብዙም አይጨነቅም።

የእኛ አገር ዋና ፈተና ሊማሊሞ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው ይህ ጠመዝማዛ መንገድ የተቀደደው ኢጣልያኖች አገራችንን በወረሩበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። በአፋፉ ላይ ያለውን ወልከፊትን ምሽግ አድርገው ይዘውት ነበርና የጦር ሠራዊታቸው እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ ጎንደር ነጻ ከመውጣትዋ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። የጋራዥ ቋንቋችን ታምቡር፣ ቡሎን፣ ጎማና ክሪክ የሚሉትን ቃላት ከኢጣልያንኛ መውሰዱም የዚያው ዘመን ትዝታ ነው፤ ይህን ግን ለቋንቋ ተማሪዎች እንተወዋለን።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከዚያ እስከ ዛሪማ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በእጅጉ ይበልጣል፤ እኛ ግን ለሒሳብ እንዲመቸን አንድ ሺህ ሜትር ብቻ እንበል። ተሳፋሪና ዕቃ የጫነ ሚኒባስ 3,000 ኪሎግራም ቢመዝን፣ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጕልበት 3,000 በ9.8 በ1,000 ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለት 29,400,000 ጁል ነው። ይህ ጕልበት የትም አይጠፋም፤ መኪናው ፍጥነት እንዳይጨምር ከተያዘ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ደባርቅ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሙቀት 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ላይ ቢውል፣ 100 ሊትር ውሃ፣ ይኸውም ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን፣ ለመፍላት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያሞቃል ማለት ነው።

በሌላ መንገድም ልናየው እንችላለን። በመቶ ሜትር ሰባት ሜትር በሚዘቀዝቅ መንገድ ላይ ይኸው ሚኒባስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ፣ በየሰከንዱ የሚወጣው ሙቀት 17 ኪሎዋት ያህል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በአማካይ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል ብንል፣ በመኪናው ሥር አምስት ምጣዶች በአንድ ጊዜ ተጥደው ይወርዳሉ እንደ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ጎማና ነፋስ ይወስዱታል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከያዘው ሞተሩ ደህና አድርጎ ይካፈለዋል። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ከለቀቀው ግን የቀረው ሁሉ የሚያርፈው በሸራው ላይ ነው። አንዳንድ ሾፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በቁልቁለት ዜሮ ማርሽ ይለቃሉ። ይህ አደገኛ ብቻ ሳይሆን ሒሳቡም የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም በዛሬዎቹ በኤሌክትሮኒክ በሚታዘዙ ሞተሮች መኪናው በማርሽ ተይዞ ነዳጁ ሲለቀቅ የነዳጁ መርጫ ፈጽሞ ይዘጋል፤ በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን አያቋርጥም።

ከፍታው ራሱ ሁለት ተጨማሪ ችግሮች ያመጣል፤ በሜዳ አገር የተጻፉት መጻሕፍትም ይህን ብዙ ጊዜ አያነሡትም። አንደኛው፣ በደባርቅ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ ዲስኩንና ታምቡሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ይሳሳል። ሁለተኛው የሾፌሩን እግር የሚረዳውን፣ ሰርቮ የሚባለውን የፍሬን አጋዥ የሚመለከት ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪናዎች ይህ አጋዥ የሚሠራው በአንድ ወገን አየሩ ተመጦ፣ በሌላው ወገን የከባቢው አየር ሲጫነው ነው። በደባርቅ የከባቢው አየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አጋዡ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው እርዳታ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በቀስታ ሲያዝ ልዩነቱ አይታወቅም፤ በድንገት አጥብቆ መያዝ ባስፈለገ ጊዜ ግን ሾፌሩ ከለመደው በላይ በእግሩ መግፋት አለበት። በዚህ ላይ ሸራው የደከመ ከሆነ ሁለቱ ድክመቶች በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ።

ሸራ ይደክማል ስንል ምን ማለታችን ነው? ሸራው ልዩ ልዩ ዱቄትና ጭረት በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ነው። ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ በብዙዎቹ ርካሽ ሸራዎች ውስጥ ያለው ሙጫ መትነን ይጀምራል፤ ጋዙም በሸራውና በዲስኩ መካከል እየገባ ሰበቃውን ይቀንሰዋል። የሰበቃው መጠን ከ0.40 ወደ 0.25 ወረደ እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ጤነኛ ሸራ ይዞ በሜዳ ላይ በ15 ሜትር ገደማ የሚቆም ከሆነ፣ በዚያው በሰባት በመቶ ቁልቁለት ላይ፣ በዚያው የእግር ግፊት፣ በደከመ ሸራ የሚቆመው በ34 ሜትር ነው። መኪናው በኩርባ መንገድ ላይ ሳለ እነዚህ 19 ሜትሮች ምን ማለት እንደ ሆኑ ሊማሊሞን ያየ ሰው አይጠይቀንም።

የታምቡር ፍሬን ያለው መኪና ሌላም መከራ አለበት። ታምቡሩ ሲሞቅ እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ዝቅ እያለ ይሄዳል። ዲስክ ግን ሲሞቅ ወደ ሸራው ስለሚወፍር ይህ ችግር የለበትም። በመንገዶቻችን ላይ ከሚታዩት ሚኒባሶችና ፒክ አፖች ብዙዎቹ በፊት ዲስክ፣ በኋላ ታምቡር ያላቸው ናቸው። መኪና ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ ቁልቁለትም ይህንኑ ስለሚያባብሰው፣ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት የፊቶቹ ናቸው፤ ፈጥነው የሚያልቁትም እነርሱ ናቸው።

ሾፌሮች ፍሬን በጠሰ ወይም እምቢ አለ የሚሉት ግን ሁልጊዜ የሸራ ጥፋት አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪሞላ አይፈላም፤ ከመቶ 3.7 እጅ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ለዶት 4 እነዚህ ቁጥሮች 230 እና 155 ናቸው። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ሳይሆን ሲጫኑት የሚታመቅ ስለ ሆነ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ይህ ከሸራው ጋር የሚያያዘው እንዲህ ነው፤ ሸራው ወፍራም ሳለ ሙቀቱን ከፒስተኑ ይከላከላል፤ የሳሳ ጊዜ ግን ሙቀቱ በብረቱ በኩል በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይደርሳል። ስለዚህ በሜዳ የሚበቃ ውፍረት በቁልቁለት አይበቃም።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንምጣ። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ በታኮ ይያዙ። (ረዳቶች በቁልቁለት ላይ ድንጋይ ደግፈው ክሪክ ሲያስገቡ አይተናል፤ አይደረግም።) የቸርኬው ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ ጎማው ሳይፈታ በባትሪ ብርሃን የውጭውን ሸራ ማየት ይቻላል። ነገር ግን የውስጡን ሸራ ሳያዩ ደህና ነው ማለት ከንቱ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በጭቃና በዝገት የተያዙ እንደ ሆነ፣ የውጭው ሸራ ገና ግማሽ ሳይደርስ የውስጡ ወደ ብረቱ ሊደርስ ይችላል። ከክረምት በኋላ፣ ከኮረኮንች መንገድ የወጣ መኪና ላይ ይህ ነገር የተለመደ ነው። ስለዚህ ጎማውን ፈትቶ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል።

የአዲስ ሸራ ውፍረት፣ የብረት ሳህኑን ሳይጨምር፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ነው። 3 ሚሊሜትር ሲደርስ ይለወጥ የሚለው ምክር በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። እኛ ግን ከላይ በተናገርነው ምክንያት፣ ወደ ሊማሊሞ ወይም በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኩል ወደ ጃናሞራ ለሚሄድ መኪና ከ4 ሚሊሜትር በታች መድረስ የለበትም እንላለን። መለኪያ የሌለው ሰው ሁለት የክብሪት እንጨቶችን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያስተያይ በግምት ይህን ያህል ያገኛል። በአንዳንድ ሸራዎች ላይ፣ ሲሳሳ ከዲስኩ ጋር እየተፋተገ የሚጮህ ቀጭን የብረት ምላስ አለ፤ ርካሾቹ ግን ይህ ስለሌላቸው ጩኸት አልሰማሁም ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ውፍረቱ ብቻውን አይበቃም። ፊቱ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ሸራ በሙቀት የተቃጠለ ነው፤ ወፍራም ቢሆንም አይዝም። በጥልቅ የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ የተፈረፈረ፣ ወይም ከብረት ሳህኑ ለመላቀቅ ክፍተት ያሳየ ሸራ ያለ ክርክር ይጣል። ዘይት ወይም ግሪስ የነካውን በቤንዚን አጥቦ መመለስ ልማድ ሆኗል፤ ዘይቱ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባ ስለ ሆነ ሲሞቅ እንደ ገና ይወጣል። ዲስኩም ይታይ፤ ሰማያዊ ቀለም የያዘ ከሆነ ከመጠን በላይ ሞቆ ነበር ማለት ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ከንፈር የወጣ ጠርዝ ካለው ምን ያህል እንደ ተበላ ያመለክታል። ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ ውፍረት ብዙ ጊዜ በዲስኩ ላይ ታትሟል። የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ሳይመረምሩ መሙላትም ስሕተት ነው፤ ሸራ በሳሳ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዘይቱ ይወርዳልና፣ መጉደሉ ራሱ መልእክት ነው።

አጋዡን ለመመርመር ጋራዥ አያስፈልግም። ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ረግጦ፣ በመጨረሻ ረግጦ እንደ ያዙ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ አጋዡ ይሠራል።

አሁን ወደ ምርጫው። በመለዋወጫ ሱቅ የገባ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው ቃል ኦርጅናል የሚለው ነው፤ ቀጥሎም ዕቃው ከየትኛው አገር እንደ መጣ ይነገረዋል። በእኛ አስተያየት የአገር ስም ማስረጃ አይደለም። በአንድ አገር መልካምም መጥፎም ሸራ ይሠራል፤ ካርቶን ማሳተምም ለማንም አይከብድም። ሊታይ የሚገባው በሸራው ጎን ወይም በብረት ሳህኑ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ሁለት የላቲን ፊደላት አጠገብ ለአጠገብ ተጽፈው ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት ያለውን ሰበቃ ያመለክታሉ። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። ኤፍ ኢ የሚል ሸራ እንግዲህ ሲሞቅ እንደሚደክም በራሱ ላይ ጽፎ ይናገራል፤ ለቁልቁለት አገር አይሆንም። ኤፍ ኤፍ የሚለው በሁለቱም ሁኔታ የተካከለ ነው። ጂ ጂ ይበልጥ ይይዛል፤ ነገር ግን መኪናው ለዚያ ያልተሠራ ከሆነ ጎማ እንዲቆለፍ ሊያደርግ ይችላልና ከፋብሪካው ጋር የመጣውን ፊደል መከተል ይሻላል። እነዚህ ፊደላት የሚገኙት ከሸራው ተቆርጦ በሚፈተን ትንሽ ናሙና ስለ ሆነ ስለ ዕድሜውና ስለ ጥንካሬው የሚነግሩን ነገር የለም። ከዚህ የተሻለ ዋስትና የሚሰጠው በክብ ውስጥ የተጻፈ ኢ ፊደልና ቁጥር፣ አጠገቡም 90 የሚል የደንብ ቁጥር ነው። ይህም ሸራው በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ መሠረት በመኪና ላይ ተፈትኖ፣ አያያዙ ከፋብሪካው ሸራ ከ15 በመቶ በላይ እንደማይለይ የተረጋገጠ መሆኑን ያስረዳል። እርግጥ ምልክቱንም አስመስሎ የሚያትም አይጠፋም። ፊደሉ የተዛባ፣ ቀለሙ በጥፍር የሚላጥ፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ ያሉት አራቱ ሸራዎች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ከሆነ መመለስ ነው።

ስለ ዓይነቱም ጥቂት ቃል። ያለ ብረት ከጭረትና ከሙጫ የሚሠራው ለስላሳና ጸጥተኛ ነው፤ ዲስክም አይበላም፤ በከተማ ውስጥ፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ለሚመላለስ ቀላል መኪና ይበቃል። ብረት የተቀላቀለበት፣ ከክብደቱ ከሢሶ በላይ ብረት የሚሆነው፣ ጧት በብርድ ሲይዝ ጥቂት ይለግማል፤ ይጮኻል፤ ዲስክም ይበላል፤ ነገር ግን ሙቀት ይችላል። ተሳፋሪ ጭኖ ደባርቅ ለሚመላለስ ሚኒባስ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። ሴራሚክ የሚባለው ንጹሕና ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ አብዛኛው ለቤት መኪና የታሰበ ስለ ሆነ ለጭነት የምናወጣበት ምክንያት አይታየንም። የትኛውም ቢመረጥ በአንድ አክስል ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ሸራዎች በአንድነት ይለወጡ፤ ዓይነታቸውም አንድ ይሁን። አንዱን ጎን ብቻ የለወጠ ሰው መኪናው በተያዘ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ሲጐትተው ያገኘዋል፤ ያም ወገን የገደሉ ወገን ሊሆን ይችላል።

ሸራ በሚለወጥበት ጊዜ ያለውን አቧራ በኮምፕሬሰር መንፋት በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው። አስቤስቶስ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ስለ ታወቀ ብዙ አገሮች ከልክለውታል፤ ነገር ግን ካርቶኑ ላይ ያለ አስቤስቶስ ተሠራ የማይል ሸራ ምን እንደያዘ በዐይን መለየት አይቻልም። አቧራውን በውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው። ይህን በተለይ የምንጽፈው ከአሥር ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በጋራዥ ውስጥ የሚውሉትን ልጆች በማሰብ ነው።

አዲስ ሸራ የታሰረለት መኪና በዚያው ቀን ወደ ሊማሊሞ መውረድ የለበትም። የሸራው ፊት ከዲስኩ ፊት ጋር ገና አልተዋወቀም፤ ትኩስ ሙጫውም በመጀመሪያው ታላቅ ሙቀት ጋዝ ያወጣል። በአዘዞና በቆላ ድባ መካከል ባለው በደምቢያ ሜዳ ላይ፣ መንገዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ሳይቆሙ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ድረስ በመጠኑ መያዝ፣ ከዚያ እንዲቀዘቅዝ ጥቂት ነድቶ መድገም፣ ይህንም ሃያ ጊዜ ያህል ማድረግ ይበቃል። በመካከሉ ቆሞ ፔዳሉን ረግጦ መቆየት አይገባም፤ የጋለው ሸራ በዲስኩ ላይ ምልክቱን ይተዋልና። ከዚያ በኋላ ጎማው ተፈትቶ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቡሎኖቹ እንደ ገና ይጠበቁ።